ነጭ ያበበ ፕሉሜሪያ ሁሉ «አልባ» አይደለም

ጥያቄ፦ «በግቢዬ ቁመቱ አራት ሜትር ገደማ የሆነ የፍራንጂፓኒ (ፕሉሜሪያ) ዛፍ አለ። አበባው ነጭ ሆኖ መሀሉ ላይ ጥቂት ቢጫ አለበት። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴና አንጸባራቂ ነው፤ ጫፉ ክብ ነው፤ ዓመቱን ሙሉም አይራገፍም። የሸጠልኝ ሰው ‹ፕሉሜሪያ አልባ› ነው ብሎኝ ነበር፤ ሌላ ሰው ደግሞ ‹የሲንጋፖር ዛፍ› ነው አለኝ። የጎረቤቴም ዛፍ ነጭ ያብባል፤ ነገር ግን በደረቁ ወቅት ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ እርቃኑን ይቆማል። የእኔ የትኛው ነው? የትውልድ አገሩስ የት ነው? ይህን ያህል እያበበ አንድም ፍሬ ያላፈራውስ ለምንድን ነው?»

ምላሽ፦

ዛፍዎ ፕሉሜሪያ ኦብቱሳ ነው፤ ካልሆነም ከኦብቱሳ የተዳቀለ ነው። በግቢ የሚተከሉ ፕሉሜሪያዎች ለብዙ ዘመን እርስ በርሳቸው ሲዳቀሉ ስለኖሩ ሁለተኛውን ግምት ማንሳት ግድ ይላል። ዛፉን ሳላየው እንዲህ ደፍሬ የምናገረው ስለ ቅጠሉ በሚገባ ስለገለጹልኝ ነው። ክብ ጫፍ፣ አንጸባራቂ ገጽ፣ ዓመቱን ሙሉ አለመራገፍ፤ ሦስቱ ሲደመሩ ወደ ኦብቱሳ ያመለክታሉ። ስለ አበባው ብቻ ጽፈው ነጭ ነው፣ መሀሉ ቢጫ ነው ብለው ቢያበቁ ኖሮ፣ ከአራት ዝርያዎች አንዱ ነው ከማለት ያለፈ መልስ ባልነበረኝ።

የሻጩ ስህተት በችግኝ ንግድ ውስጥ እጅግ የተለመደ ነው። «አልባ» በላቲን ነጭ ማለት ስለሆነ፣ ነጭ ያበበ ፕሉሜሪያ ሁሉ ይህ ስም ይለጠፍበታል። እውነተኛው ፕሉሜሪያ አልባ ግን በአትክልት ስፍራዎች ብዙም የማይታይ ዛፍ ነው። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ በዓለም ላይ በብዛት የተተከለው ነጭ ፕሉሜሪያ «ሩብራ»፣ ማለትም ቀይ፣ በሚል ስም የሚመዘገብ መሆኑ ነው። ካርል ሊኒየስ በ1753 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሩብራን፣ አልባንና ኦብቱሳን ሲሰይም፣ ሩብራ ያለው ቀይ አበባ ያለውን ነበር። የዚያው ዛፍ ነጭ ዓይነት «አኩቲፎሊያ» ተብሎ ለረጅም ጊዜ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ሲቆጠር ቆየ። በኋላ ግን ከሩብራ የሚለየው ቀለሙ ብቻ መሆኑ ስለታመነበት የሩብራ አንድ መልክ ተደርጎ ተመደበ። የጎረቤትዎ ዛፍ ይህ እንደሆነ አልጠራጠርም። በፕሉሜሪያ ዘንድ የአበባ ቀለም የዝርያ ምስክር አይሆንም፤ የሚመሰክረው ቅጠሉ ነው።

ስለዚህ ከቅጠሉ እንጀምር። ከእርስዎ ዛፍ አንድ፣ ከጎረቤትዎም አንድ ቅጠል ቀጥፈው ጎን ለጎን ወደ ብርሃን ያንሱአቸው። በሁለቱም ላይ ከመሀለኛው ወፍራም ጅማት ግራና ቀኝ የሚወጡት ቀጫጭን ጅማቶች እርስ በርስ ትይዩ ሆነው ወደ ዳር ይሄዳሉ፤ የቅጠሉ ጠርዝ ላይ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸውም ዳር ዳሩን በሚዞር አንድ ጅማት ላይ ይገናኛሉ። ይህ ዳር ዞር ጅማት የሁለቱን ዝምድና ያሳያል። ልዩነታቸው በቅርጹ ላይ ነው። የጎረቤትዎ ቅጠል ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ በሁለቱም ጫፍ ይሾላል፤ ገጹም ደብዘዝ ያለ ነው። የእርስዎ ከዚያ ያነሰና ወፈር ያለ ነው፤ ከመሀሉ ይልቅ ወደ ጫፉ ይሰፋል፤ ጫፉም ክብ ነው፤ አንዳንዱ ቅጠል ላይ እንዲያውም በጥቂቱ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ሊኒየስ ኦብቱሳ፣ ማለትም ደነዝ፣ ያለው ይህን ጫፍ አይቶ ነው። በአንድ ዛፍ ላይ ሁሉም ቅጠል አንድ ዓይነት ስለማይሆን ከአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ፈርደው አይለፉ፤ ከላይም ከታችም ይመልከቱ። ክብ ጫፍ ያለውና ጫፉ በመጠኑ የሾለው ተቀላቅለው ከተገኙ፣ ቅጠሉም በከፊል የሚራገፍ ከሆነ፣ ሩብራና ኦብቱሳ የተዳቀሉበት ዛፍ መሆኑን ይጠርጥሩ።

ሻጩ በስም ያነሳው አልባ ፈጽሞ ሌላ መልክ አለው። ቅጠሉ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ጠርዙ ወደ ታች ይጠቀለላል፤ በስተጀርባው ሲገለበጥ ነጣ ባለ ለስላሳ ጸጉር የተሸፈነ ነው። ጣት ቢያሳልፉበት ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። የተፈጥሮ ክልሉም ጠባብ ነው፤ ፖርቶ ሪኮና ከእርሷ በስተምሥራቅ ወደ ደቡብ የተደረደሩት የትንሹ አንቲልስ ደሴቶች ናቸው። አራተኛው ነጭ ፕሉሜሪያ ፑዲካ ነው። የፓናማ፣ የኮሎምቢያና የቬኔዝዌላ ተወላጅ ሲሆን፣ ቅጠሉ ከታች ጠባብ ሆኖ ጫፉ አካባቢ ድንገት ስለሚሰፋ ከሌላ ጋር አይምታታም። ፑዲካ በአበባ ብዛት ሁሉንም ያስንቃል፤ ነገር ግን መዓዛ የለውም ማለት ይቻላል። ለእኔ ፕሉሜሪያ ያለ መዓዛ ግማሹ ነው፤ ቢሆንም አጥር ዳር ለመትከል ፑዲካን የሚመርጡ ሰዎች ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ ቅጠሉንም ቶሎ አያራግፍም።

እነዚህን ዝርያዎች የሚያቅፈው ወገን ፕሉሜሪያ የተባለው ከ1646 እስከ 1704 በኖረው ፈረንሳዊ መነኩሴና የዕፅዋት ተመራማሪ ሻርል ፕሉሚዬ ስም ነው። ፕሉሚዬ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተመላልሶ ብዙ ዕፅዋትን በሥዕልና በጽሑፍ ያስተዋወቀ ሰው ነው። በወገኑ ውስጥ ስንት ዝርያ አለ ለሚለው ባለሙያዎች አንድ ቃል የላቸውም፤ ሰብሰብ አድርገው የሚያዩት 7 ያህል ይላሉ፤ በየደሴቱ ያለውን ለይተው የሚቆጥሩት ወደ 20 ይጠጋሉ። ቤተሰቡ አፖሲናሲኤ ይባላል። አጋም፣ ምርንዝና ጦቢያው የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ቅጠላቸው ሲቀነጠስ ወይም ቅርፊታቸው ሲጫር ወተት የሚወጣቸውም ለዚህ ነው። የፕሉሜሪያም ወተት እንዲሁ ነው። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሊያሳክክ፣ ዓይን ውስጥ ሲገባም ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፤ ሲውጡትም ይመርዛል። ቅርንጫፍ ከቆረጡ በኋላ እጅዎን ሳይታጠቡ ፊትዎን አይንኩ።

የዛፉ አስተዳደግ ራሱን የቻለ ወግ አለው፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ቅርንጫፉ ጣት የሚያህል ወይም ከዚያ የሚወፍር፣ ለስላሳና ውሃ የሚይዝ ነው፤ ላዩም ቅጠል በረገፈበት ቦታ ሁሉ በቀሩ ግማሽ ክብ ጠባሳዎች የተሞላ ነው። አበባው የሚወጣው ከቅርንጫፉ ጫፍ ነው፤ ጫፉ ላይ አበባ ከወጣ በኋላ ያ ቅርንጫፍ ወደ ፊት ማደጉን ያቆማል። ከአበባው እግር ሥር ያሉ ሁለት ወይም ሦስት እምቡጦች ይነቁና በምትኩ ያድጋሉ። እነርሱም ጊዜያቸው ሲደርስ አብበው ያቆማሉ፤ ከሥራቸው ሌሎች ይነሣሉ። የዕፅዋት ቅርጽ አጥኚዎች ይህን አስተዳደግ የሊውንበርግ ሞዴል ይሉታል፤ የጉሎና የካሳቫ ተክልም በዚሁ ሥርዓት ያድጋሉ። ዛፉ ከላይ ክብ ጉልላት የሚመስል ቅርጽ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ከግንዱ ተነሥተው አንድ ቅርንጫፍ ስንት ጊዜ ለሁለትና ለሦስት እንደተከፈለ ቢቆጥሩ፣ ያ ቅርንጫፍ ስንት ጊዜ እንዳበበ በግምት ያውቃሉ። በመጋዝና በመቀስ መከርከም ለሚወዱትም ትምህርት አለው፤ ጫፉን ሁሉ እኩል የከረከመ ሰው በጫፉ ላይ የተዘጋጀውን አበባ ሁሉ አብሮ ጣለ ማለት ነው።

አሁን ወደ አበባው። እምቡጡ ገና ሳይፈታ ሲያዩት አምስቱ የአበባ ቅጠሎች እንደ ታጠፈ ጃንጥላ አንዱ በሌላው ላይ ተጠምጥመው ይገኛሉ። ሲፈታም ጥምጥሙ ጨርሶ አይጠፋም፤ እያንዳንዱ ቅጠል በአንድ ወገን ጎረቤቱን ይሸፍናል፣ በሌላው ወገን በጎረቤቱ ይሸፈናል። አበባው የመሽከርከር መልክ ያለው ለዚህ ነው፤ መሀሉን ሰንጥቀው ሁለት ተመሳሳይ ግማሽ ሊያወጡለትም አይችሉም። የኦብቱሳ አበባ ቅጠሎች ሰፊና ክብ ጫፍ ያላቸው ናቸው፤ ቢጫውም ትንሽ ዓይን ሆኖ መሀሉ ላይ ይቀራል። በነጩ ሩብራ ላይ ግን ቢጫው ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ይሰፋል።

አንድ ከመሬት ያነሡት አበባ ይውሰዱና ቱቦውን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ይሰንጥቁት። አበባው ሲወድቅ ሙሉውን ሳይጠወልግ ስለሚወድቅ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። አምስት ጥቃቅን የወንዴ አካላት ከቱቦው ግርጌ አካባቢ ተጠግተው ተቀምጠዋል፤ ከውጭ ፈጽሞ አይታዩም። የሴቴው አካል ከቱቦው ጋር አብሮ ስለማይወድቅ እርሱን ለማየት ዛፉ ላይ ያለ አበባ መቅጠፍ ያስፈልጋል። የአበባው ዱቄት የሚያርፈው በሴቴው አካል ራስ ላይ ነው፤ ዱቄት ተቀብሎ ዘር የሚያስጀምረው ክፍል ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ ይገኛል። የአበባው የራሱ ዱቄት ወደ ተቀባዩ ክፍል በቀላሉ አይወርድም፤ ረጅምና ቀጭን ነገር ገብቶ መውጣት አለበት። በቱቦው ግርጌ ደግሞ ኔክታር የሚባለውን ጣፋጭ ፈሳሽ ቢፈልጉ አያገኙም። ቱቦው ባዶ ነው።

ለጥያቄዎ ሦስተኛ ክፍል መልሱ የሚጀምረው ከዚህ ባዶ ቱቦ ነው። የፕሉሜሪያ መዓዛ በጣም የሚያይለው ከመሸ በኋላ ነው፤ ነጭ ቀለሙም በጨለማ ጎልቶ ይታያል። ሁለቱም የሚጠሩት ረጅም ምላስ ያላቸውን ትልልቅ የእሳት እራቶች ነው። እነዚህ እራቶች ሌሊት የሚያብቡ፣ ነጭና ባለ መዓዛ አበባዎች ኔክታር እንደሚሰጡ ያውቃሉ፤ ፕሉሜሪያ ያንኑ መልክና ሽታ ይዞ ይጠብቃቸዋል፣ ምንም ግን አይሰጣቸውም። ዊልያም ሄበር በ1984 ባሳተመው ጥናት በኮስታ ሪካ የሚገኘው ሩብራ በዚህ ዓይነት ማታለል ርክበ ብናኝ (ዱቄትን ከአበባ ወደ አበባ ማዛወር) እንደሚያካሂድ አሳይቷል። እራቱ ምላሱን ይሰድዳል፣ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፣ ጥቂት አበባ ሞክሮም ይሄዳል። በእነዚያ ጥቂት ሙከራዎች ግን ዱቄት ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል። ዛፉ ኔክታር ለማምረት ምንም ሳያወጣ ጉዳዩ ይፈጸምለታል ማለት ነው። ብልጠቱን አደንቃለሁ፤ ዋጋ ግን ያስከፍለዋል። የተታለለ ደንበኛ ደጋግሞ ስለማይመጣ፣ በትውልድ አገሩ እንኳ በሺህ የሚቆጠር አበባ ያወጣ ዛፍ የሚያፈራው ጥቂት ነው።

በግቢ የተተከለው ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። ፕሉሜሪያ በአብዛኛው የሚራባው ቅርንጫፍ ተቆርጦ በመትከል ነው፤ ስለዚህ በአንድ ሰፈር ያሉ በርካታ ዛፎች በዘረመል አንድ ዛፍ ሊሆኑ ይችላሉ። «የሲንጋፖር» የሚባለው ነጭ ኦብቱሳ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ፍሬ በመንፈግ ይታወቃል። ጎረቤትዎ ነጭ ሩብራ ስላለው አንድ ቀን አንዱ ለሌላው ይጠቅም ይሆናል፤ ብዙ ተስፋ ግን አይጣሉበት። በሽታ ወይም የምግብ እጥረት አድርገውም አይቁጠሩት። ማዳበሪያ ቢጨምሩለት ቅጠል ይጨምርልዎታል፤ ፍሬ ግን አያመጣም።

ፍሬ ቢመጣ ምን ሊመስል እንደሚችል ማወቁ አይከፋም። ከአንድ አበባ ሁለት ረጃጅም እንክብሎች ከግርጌያቸው ተያይዘው፣ ወደ ግራና ቀኝ ተለያይተው ይወጣሉ። እያንዳንዱ ከ10 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፤ ለመብሰል ስምንት ወይም ዘጠኝ ወር ያህል ይወስድበታል። ሲደርቅ ጥቁር ቡናማ ይሆንና በአንድ ጎኑ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ውስጡ ተደራርበው የተቀመጡ ጠፍጣፋ ዘሮች ናቸው፤ በአንድ ጫፋቸው ላይ ስስ ክንፍ ስላላቸው ነፋስ ይዟቸው ይሄዳል። ከዘር የበቀለ ዛፍ የእናቱን አበባ ይደግማል ብለው አይጠብቁ፤ ቀለሙም ቅርጹም መዓዛውም ሊለወጥ ይችላል። የተለያየ ቀለም ያላቸው አዳዲስ ዓይነቶች የሚገኙትም በዚሁ መንገድ ነው።

ስለ ትውልድ አገሩ ሁለተኛው ሰው የነገረዎት የዛፉን የጉዞ መንገድ እንጂ መነሻውን አይደለም። ኦብቱሳ የሲንጋፖር ዛፍ አይደለም፤ የእስያም አይደለም። በተፈጥሮ የሚበቅለው በኩባ፣ በጃማይካ፣ በሂስፓኒዮላ፣ በፖርቶ ሪኮና በባሃማስ ደሴቶች፣ እንዲሁም በሜክሲኮው የዩካታን ልሳነ ምድርና በአካባቢው ነው። ሩብራ ከሜክሲኮ ተነሥቶ በመካከለኛው አሜሪካ በኩል እስከ ደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጫፍ ይደርሳል። አንድም የፕሉሜሪያ ዝርያ ከአሜሪካ ውጭ በተፈጥሮ አልበቀለም። ጠላቱ ሳይቀር ይህንኑ ይመሰክራል። ጥቁር ገላው ላይ ቢጫ ቀለበት የዞረበት፣ ራሱ ብርቱካናማ ቀይ የሆነ፣ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አባጨጓሬ አለ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፕሲውዶስፊንክስ ቴትሪዮ ይባላል። የፕሉሜሪያን ቅጠል ከነመርዛማ ወተቱ እየበላ ያድጋል፤ ጥቂት ሆነው አንድን ዛፍ በአጭር ጊዜ መላጣ ያደርጉታል። ይህ ትል ከዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ጫፍ አንሥቶ በካሪቢያን በኩል እስከ ደቡብ አሜሪካ ይገኛል፤ በእስያ ግን የለም። ዛፉ በቅርንጫፍ ተቆርጦ ባሕር ሲሻገር ትሉ እዚያው ቀረ።

እስያዊ ነው የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ ለመረዳት አይከብድም። በታይላንድ፣ በላኦስ፣ በባሊና በስሪ ላንካ በቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሲታይ ከመሠረቱ ጋር የተተከለ ይመስላል። ላኦስ «ዶክ ቻምፓ» ብላ ብሔራዊ አበባዋ አድርጋዋለች። ኒካራጓም ያንኑ ሩብራን «ሳኩዋንጆቼ» ብላ በ1971 ብሔራዊ አበባ አድርጋ መረጠች። ሁለቱም አገሮች ይገባቸዋል፤ ተወላጁ ያለው ግን በኒካራጓ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ በ1552 በተዘጋጀ የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ ላይ ዛፉ የአገሬው ሰዎች በሚጠሩበት ስም ተመዝግቦ ይገኛል። የስፔን መርከቦች ደግሞ ከአካፑልኮ ወደ ማኒላ የሚያደርጉትን መደበኛ ምልልስ የጀመሩት በ1565 ነው፤ ይህ ንግድ እስከ 1815 ቆይቷል። አሜሪካዊው ካካዎ፣ በቆሎና ሌላውም ወደ ፊሊፒንስ የገባው በዚህ መስመር ነው፤ ፕሉሜሪያም ከዚያው ጭነት ጋር የሚቆጠር ነው።

ለጉዞ እንደ እርሱ የተመቸ ዛፍ ጥቂት ነው። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ያለ አፈርና ያለ ውሃ ለብዙ ሳምንታት ሳይሞት ይቆያል፤ ወፍራም ግንዱ ውስጥ የያዘው ውሃ ይበቃዋል። እንዲያውም ከተቆረጠ በኋላ እዚያው በተጋደመበት የሚያብብበት ጊዜ አለ። በእስያ አገሮች በመቃብር ቦታና በቤተ መቅደስ ዙሪያ የመተከሉ ልማድ ከዚህ አልሞት ባይነቱ ጋር እንደሚያያዝ ብዙዎች ይናገራሉ፤ ለእኔም አሳማኝ ነው። በሃዋይ ሩብራን በ1860 የተከለው ጀርመናዊው ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሂለብራንት ነው። ነጩ ኦብቱሳ እዚያ የደረሰው ዘግይቶ በ1931 ሲሆን፣ የመጣው ከሲንጋፖር ነበር። በአበባ ጉንጉንዋ ከታወቀችው ደሴት «የሲንጋፖር ፕሉሜሪያ» የሚለው ስም በዓለም ተሰራጨ፤ የካሪቢያኑ ተወላጅም በመሸጋገሪያ ጣቢያው ስም ሲጠራ ቀረ።

በተፈጥሮ የሚበቅሉበትን ቦታ ማወቅ ለአያያዝ ይጠቅማል። ኦብቱሳ በኖራ ድንጋይ ኮረብታና በባሕር ዳር ጫካ ውስጥ፣ ጨዋማ ነፋስ በሚነፍስበት፣ አፈሩ ስስ በሆነበት ቦታ ይቆማል። ሩብራ የወቅት ደን ዛፍ ነው፤ ዝናብ ሲያቆም ቅጠሉን ጥሎ፣ በግንዱ ውስጥ ባጠራቀመው ውሃ ደረቁን ወራት ይሻገራል፤ ብዙ ጊዜም ቅጠል ሳያወጣ አስቀድሞ ያብባል። ስለዚህ የጎረቤትዎ ዛፍ እርቃኑን መቆሙ ጤንነቱ ነው። አዝኖለት ውሃ የሚያጠጣው ሰው ካለ ይከልክሉት፤ ቅጠል የሌለው ፕሉሜሪያ ውሃ የሚያተንበት መንገድ ስለሌለው ሥሩ ይበሰብሳል። የእርስዎም ቢሆን ረጅም ድርቅ ወይም ብርድ ከመጣበት ቅጠሉን ሊጥል ይችላል፤ ኦብቱሳ ብርድን ከሩብራ ይልቅ ይፈራል። ሁለቱም ውርጭን አይችሉም፤ ጫፋቸው ጠቁሮ ይለሰልሳል።

የቅጠል በሽታን በተመለከተ ኦብቱሳ ዕድለኛ ነው። የፕሉሜሪያ ዋግ የሚያመጣው ኮሊዮስፖሪየም ፕሉሜሪዬ የተባለው ፈንገስ ከአሜሪካ ሐሩር ክልል ተነሥቶ ዛፉ ወደ ደረሰበት አገር ሁሉ እየተከተለው ነው። በቅጠሉ ሥር ብርቱካናማ ዱቄት የያዙ ጥቃቅን ጉብታዎች ይወጣሉ፤ በላይኛው ገጽ ላይ ደግሞ ቢጫ ነጠብጣብ ይታያል፤ ቅጠሉም ያለ ጊዜው ይረግፋል። ሩብራ በዚህ ክፉኛ ሲጠቃ፣ ነጩ ኦብቱሳ አጠገቡ ቆሞ እምብዛም ሳይነካ ይቀራል። የጎረቤትዎ ዛፍ በእርጥቡ ወቅት ቅጠሉን ከጣለ የቅጠሉን ሥር ይመልከቱ፤ ምክንያቱ ድርቅ ሳይሆን ዋግ ሊሆን ይችላል። የወደቀውን ቅጠል ሰብስቦ ማስወገድ ከሚረጭ መድኃኒት በፊት መምጣት ያለበት ሥራ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልነግርዎት አላልፍም። ነጭ አበባ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ዓይን፣ በቅርንጫፍ ጫፍ የተሰበሰበ አንጸባራቂ ቅጠልና ነጭ ወተት ያለው፣ ከፕሉሜሪያ ጋር የሚምታታ ሌላ ዛፍ አለ፤ ሰርቤራ ይባላል። ከዚሁ ቤተሰብ ሲሆን የሕንድ ውቅያኖስና የምዕራብ ፓስፊክ ዳርቻዎች ተወላጅ ነው። ቅርንጫፉ እንደ ፕሉሜሪያ የወፈረና ውሃ የያዘ አይደለም። ከሁሉም በላይ የሚለየው ፍሬው ነው፤ ማንጎ የሚመስል፣ ድፍን፣ አረንጓዴ ሆኖ ሲበስል የሚቀላ ነው። ዘሩ ሰርቤሪን የተባለ የልብን ምት የሚያዛባ መርዝ ስላለው ሰው ይገድላል። እስከ አሁን ምንም ፍሬ አላየሁም ማለትዎ በዚህ በኩል ያረጋጋል፤ ነገር ግን አንድ ቀን እንደ ማንጎ ያለ ነገር ተንጠልጥሎ ካዩ የነገርኩዎትን ሁሉ ይተዉና ልጆችን ከዛፉ ያርቁ።

ዛፉን ማብዛት ከፈለጉ ዘር መጠበቁ ስለማያዋጣ ቅርንጫፍ ይቁረጡ። ቅጠል ገና ሊያወጣ የተዘጋጀ፣ ቆዳው አረንጓዴነቱን ትቶ ግራጫ የሆነ፣ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጫፍ ይምረጡ። ትልልቅ ቅጠሎቹን ያንሱለት፤ የተቆረጠው አፍ ወተቱ ደርቆ እስኪጠግግ ድረስ ጥላ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ከዚያ ውሃ ቶሎ በሚያሳልፍ አሸዋማ አፈር ውስጥ ይትከሉት፤ አንድ ጊዜ አጠጥተው አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ አፈሩ በደንብ ሳይደርቅ አይድገሙት። ኦብቱሳ ከሩብራ ይልቅ ሥር ለማውጣት ይዘገያል፣ ለመበስበስም ይቀርባል፤ ስለዚህ አንድ ብቻ ሳይሆን ሦስት አራት ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ይጀምሩ፤ ሞቃት ወቅትንም ይጠብቁ። ግርጌው ሲጫን የሚለሰልስ ከሆነ በስብሷል ማለት ነው፤ ነጭና ጤናማ እስኪሆን ድረስ ወደ ላይ ቆርጠው እንደገና ያድርቁት።